«ማዕቀብ»፣ «ጫና»፣ «በሁለት ቢላ መብላት»፦ ደቡብ ኮሪያ በኢራን ጉዳይ

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ደቡብ ኮሪያን «በኢራን ላይ ለተጣለው የኒውክሌር ማዕቀብ ተባበሪ» እያለች ስለወተወተችበት ጊዜ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ሦስት ቦታ ላይ ተቸገርኩ። «ጫና» ይሻላል ወይስ «ተጽዕኖ»? «ማዕቀብ» ሥሩ ምንድን ነው? ሦስተኛው፣ ሴኡል የዋሽንግተን ወዳጅ ሆና ከቴህራን ነዳጅ ትገዛ ስለነበር «በሁለት ቢላ የምትበላ አገር» ብላት ያስኬዳል?

ግዕዝ ወዳድ፦
እህቴ፣ «ማዕቀብ» የግዕዙ «ዐቀበ» ልጅ ነው፤ ጠበቀ ማለት ነው። ሕግ ጠባቂው «ዐቃቤ ሕግ»፣ የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ያዡ «ዐቃቤ ንዋይ»፣ በየሳምንቱ የምንጥለው «ዕቁብ» ሁሉ ከዚሁ ቤት የወጡ ናቸው። ስለዚህ ቃሉ ከሥሩ ሲታይ ቅጣት የለበትም፤ እንዳይወጣ እንዳይገባ አድርጎ መጠበቅ ነው።

«ታቀበ» እና «ድምፀ ተዐቅቦ»ም እዚያው ናቸው። የጸጥታው ምክር ቤት ጁን 9 ቀን 2010 ውሳኔ ቁጥር 1929ን ሲያጸድቅ 12 አገሮች ደገፉ፣ ብራዚልና ቱርክ ተቃወሙ፣ ሊባኖስ ድምፀ ተዐቅቦ አደረገች። በአንድ ዜና ውስጥ ኢራን ላይ የወደቀው ማዕቀብና የሊባኖስ ተዐቅቦ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን መጠበቅ፣ ሌላው ራስን መጠበቅ። ይህን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

«ጫና» እና «ተጽዕኖ»ም ሥጋ ዘመዳሞች ናቸው። ግዕዙ «ጸዐነ» ያለውን አማርኛ «ጫነ» ይለዋል። አጠቃቀማቸው ግን ተለያይቷል፤ «ተጽዕኖ» ዛሬ ለበጎም ይውላል፣ መምህር በተማሪው ላይ በጎ ተጽዕኖ ያሳድራል እንላለን። ጫና ግን የተጫነበትን ሁልጊዜ ይከብደዋል። ለሴኡል «ጫና» ይበሉ። «አስገደደቻት» ግን ብዙ ሰው ይጽፈዋል፣ እኔ አልወደውም።

የባንክ ሰው፦
«አስገደደቻት» ለምን እንደማያስኬድ እኔ ልጨምር፤ ነገሩ የሥራዬ ስለሆነ ትንሽ ብረዝም ይቅርታ።

የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ የተባበሩት መንግሥታትን አባል አገሮች ሁሉ ያስራል፣ ኮሪያንም ጭምር። ከዚያ ያለፈው የአሜሪካ የራሷ ሕግ ነው። ፕሬዚዳንት ኦባማ ጁላይ 1 ቀን 2010 የፈረሙት ሕግ፣ በማዕቀብ ዝርዝር ውስጥ ከገቡ የኢራን ባንኮች ጋር ትልልቅ ሥራ የሚሠራ የውጭ ባንክ አሜሪካ ውስጥ ያለውን ሒሳቡን እንዲያጣ ያደርጋል። ለአንድ የሴኡል ባንክ ይህ ምን ማለት ነው? ዶላር የሚያንቀሳቅስበት በር ተዘጋ ማለት ነው። ኤልሲ (ለውጭ ንግድ ክፍያ ባንክ የሚሰጠው ዋስትና) የሚከፍትላቸው ላኪዎችና አስመጪዎች ሁሉ አብረው ይቆማሉ። በውጭ ንግድ ለሚኖር አገር ይህ ትንፋሽ ማጣት ነው። ሕጉ ኮሪያን በስሟ ጠርቶ ያዘዛት ነገር የለም፤ ምርጫ ሰጣት፣ ምርጫውን ግን እጅግ ውድ አደረገው። «ጫና» የሚለው ቃል ልኩ እዚህ ላይ ነው።

በኦገስት መጀመሪያ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የኒውክሌር አለመስፋፋት ልዩ አማካሪ ሮበርት አይንሆርን ሴኡል ድረስ ሄዱ። አንዱ ዋና ጉዳያቸው ሴኡል ውስጥ ቅርንጫፍ የነበረው የኢራኑ ባንክ ሜላት ነበር። ኮሪያ ያኔ ከምታስገባው ድፍድፍ ነዳጅ አሥር በመቶ ገደማው ከኢራን ይመጣ ነበር። በከተማው እምብርት፣ ጋንግናም ውስጥ፣ ዛሬም «ቴህራን ጎዳና» የሚባል ሰፊ መንገድ አለ፤ ቴህራንም በበኩሏ የሴኡል ጎዳና አላት።

ሌላው ጫና ግን ከራሷ ደጃፍ የመጣ ነው፤ ብዙ ጽሑፍ ይህን ይዘለዋል። ሰሜን ኮሪያ በ2003 ከኒውክሌር ጦር መሣሪያ አለመስፋፋት ስምምነት መውጣቷን አውጃ፣ በ2006 እና በ2009 የኒውክሌር ሙከራ አድርጋለች። በማርች 2010 ደግሞ ቾናን የተባለችው የደቡብ ኮሪያ የጦር መርከብ ሰጥማ 46 መርከበኞች አለቁ። ሴኡል የሰሜኑን እጅ አገኘችበት፣ ዓለም ሁሉ በሰሜኑ ላይ የተጣለውን ማዕቀብ እንዲያከብርላት ትለምን ነበር። ለራሷ ጉዳይ «ማዕቀብ ይከበር» እያለች ለኢራን ሲሆን «ንግዴ ይበልጣል» ማለት አትችልም። እኔ ይህን ጽሑፍ ብጽፍ ከዶላሩ በላይ በዚህ ላይ እቆያለሁ።

ሴፕቴምበር 8 ቀን ሴኡል ውሳኔዋን አሳወቀች፤ 102 የኢራን ተቋማትና 24 ግለሰቦች በዝርዝሯ ገቡ፣ የባንክ ሜላትም ቅርንጫፍ ሥራው እንዲታገድ ተወሰነ። ነዳጁ ግን አልተከለከለም።

ተረት አዋቂ፦
እንግዲህ ወደ ቢላው ልምጣ። «በሁለት ቢላ ይበላል» ሆዳምን ነው የሚነቅፈው፤ ከሁለቱም ወገን በድብቅ የሚጠቀመውን። ሴኡል የሠራችው በግልጽ፣ አሜሪካም እያወቀች ስለሆነ አባባሉ ሰው መስደብ ይሆናል። «አጣብቂኝ ውስጥ ገባች» ቢሉ ይበቃል። ተረት ከፈለጉ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይቀርባል።

የባንክ ሰው፦
ጋሼ፣ ተረቱ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ኮሪያ ለዓመታት ሁለቱንም ዛፍ ወጥታለች። በ2010 መጨረሻ ላይ በኡሪ ባንክና በኮሪያ ኢንዱስትሪ ባንክ የኢራን ማዕከላዊ ባንክ ስም ያለበት ሒሳብ በኮሪያ ገንዘብ በዎን ተከፈተ። የኮሪያ ነዳጅ ማጣሪያ ድፍድፉን ሲገዛ ዎኑን እዚያ ያስገባል። የኢራን ነጋዴ የኮሪያ ዕቃ ሲያዝ ቴህራን ላይ በአገሩ ገንዘብ በሪያል ይከፍላል፣ ኮሪያዊው ላኪ ደግሞ ከዚያው ሒሳብ ዎኑን ይወስዳል። ዶላር አልነካም፣ ኒው ዮርክም አልደረሰ። በጁን 2012 ኮሪያ ከኢራን የምትገዛውን ነዳጅ ስለቀነሰች፣ አሜሪካ ራሷ ግዢውን እንድትቀጥል ፈቃድ ሰጠቻት።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ በመጨረሻ በሴኡል ባንኮች የተያዘው የኢራን ገንዘብ «ተወረሰ» ልበል? አንዳንዱ ደግሞ «የቀዘቀዘ ገንዘብ» ይላል።

ግዕዝ ወዳድ፦
«የቀዘቀዘ» ከባዕድ ቋንቋ የተገለበጠ ነው፤ ለአማርኛ ጆሮ የቀዘቀዘ ወጥ እንጂ ገንዘብ አይታይም። «ተወረሰ» ደግሞ ስሕተት ነው። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ትርፍ ቤቱ የተወሰደበት ሰው ቤቱ ተወረሰ፤ ባለቤትነቱ ሄደ። የኢራን ገንዘብ ግን ባለቤቱ አልተለወጠም። «ታገደ» ነው ትክክሉ።

የባንክ ሰው፦
ልክ ነው። አሜሪካ በ2018 ከኢራን ጋር ከተደረገው የኒውክሌር ስምምነት ወጥታ፣ በሜይ 2019 የነዳጅ ግዢ ፈቃዱን ስታነሳ፣ ሰባት ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ዎን እዚያው ሴኡል ታገደ። በጃንዋሪ 2021 ኢራን «ባሕር በከለች» ብላ ሃንኩክ ኬሚ የተባለችውን የኮሪያ መርከብ ያዘች፤ ንግግሩ ግን ወዲያው ወደዚህ ገንዘብ ዞረ፣ መርከቧም በኤፕሪል ተለቀቀች። በሴፕቴምበር 2023 ስድስት ቢሊዮን ዶላር ያህሉ ወደ ኳታር ሲሄድ ኢራን አምስት አሜሪካውያን እስረኞችን ለቀቀች።

እዚህ ላይም ይጠንቀቁ፦ «ተለቀቀ» የሚለውን ቃል ለእስረኞቹ ብቻ ይያዙት። በኦክቶበር አሜሪካና ኳታር ኢራን ገንዘቡን ለጊዜው እንዳትነካው ተስማምተዋል። ስለ ገንዘቡ ሲጽፉ «ከሴኡል ወደ ዶሃ ተዘዋወረ» ይበሉ።