«ለጥንቃቄ ነው» ብሎ ሽምግልና

የቦርከና ልጅ፦ እዚህ ኮምቦልቻ ሽማግሌ የላኩ ሰዎች «ልጅቷ ማዮማ (የማህፀን ዕጢ) እንደሌለባት በአልትራሳውንድ ታይታ ወረቀት ታምጣ፣ ለጥንቃቄ ነው» አሉ አሉ። ኧረ በአላህ! በግ ነው እንዴ የሚገዙት?

ሐረጎ ማዶ፦ ምን ያናድዳል? ኤችአይቪስ ተመርምሮ አይደል የሚጋባው? የአክስቴ ልጅ በማዮማ ምክንያት ሁለቴ ወርዶባታል። ለጥንቃቄ ነው።

እሙ ሐያት፦ ኤችአይቪ ሁለቱም ነው የሚመረመሩት። ልጁስ የዘር ፈሳሹን አስመርምሮ ወረቀት ይዞ መጣ?

ተረኛዋ ነርስ፦ 50 ዓመት እስኪሞላን ማዮማ አብዛኞቻችን ላይ ይገኛል፤ ብዙዋ ሳታውቀው ታረጃለች። ቁም ነገሩ የበቀለበት ቦታ ነው። ወደ ማህፀን ውስጥ የገባው ነው ፅንስ እንዳይቀመጥ የሚያውከው፣ የሚያስወርደውም። በውጭ በኩል የወጣው ብዙ ጊዜ መፀነስ አይከለክልም። ደግሞስ ዛሬ «የለባትም» ብዬ ብጽፍ ከሦስት ዓመት በኋላ ቢበቅል ሊመልሷት ነው?

ሐረጎ ማዶ፦ የውስጡን ቀድሞ ማወቁ ለራሷ አይጠቅማትም? ለጥንቃቄ ነው ያልነው እኮ።

የቦርከና ልጅ፦ ለራሷ ከሆነ ከሐኪሟ ጋር ትነጋገርበታለቻ! አማቷ ወረቀቱን ምን ልታደርገው ነው?

የጦሳ ጭስ፦ አቦ አታካብዱ። ይውጣላትና ትገላገል።

ተረኛዋ ነርስ፦ ጥርስ መሰለህ? ዕጢው ብቻ ወጥቶ ማህፀኑ ቢተርፍም ጠባሳ ይቀራል። ጥልቅ ከነበረ ምጥ ላይ ማህፀኑ እንዳይተረተር በኦፕራሲዮን ነው የምትወልደው፤ ለማርገዝም ወራት መጠበቅ አለባት። ያላስቸገረ አይነካም።

እሙ ሐያት፦ እኔ ማዮማዬን ይዤ ነው የወለድኩት። አምስተኛ ወሬ ላይ አጣጥፎ ጣለኝ፤ ማስታገሻ ሰጥተው ተኚ አሉኝ፣ በቃ። ልጁ በቂጡ ስለመጣ በኦፕራሲዮን ወጣ። አሁን ኳስ እየጠለዘ የጎረቤት መስኮት ያስከፍለኛል።

ሐረጎ ማዶ፦ አላህ ያሳድግልሽ። ግን ሁሉም እንዳንቺ አይቀናውም።

የጦሳ ጭስ፦ ለማንኛውም ደሴ እንዲህ ያለ ነውር የለም። የኮምቦልቻ አመል ነው።

የቦርከና ልጅ፦ ደሴ ደግሞ! በጥሎሽ ተጨቃጭቃችሁ ሰርግ ስታፈርሱ አልነበር?

የጦሳ ጭስ፦ ማን ነው ያፈረሰው? ስም ጥራ!

እሙ ሐያት፦ ሐረጎ፣ የልጁን ወረቀት ጠይቄህ ነበር።

ሐረጎ ማዶ፦ እሱ የቤተሰቡ ጉዳይ ነው።

እሙ ሐያት፦ አሃ! የእሷ ማህፀን የሽማግሌ፣ የእሱ የቤተሰቡ?

የጦሳ ጭስ፦ ስም ጥራ ብያለሁ እኮ!