የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ምን ብዬ ልጻፍ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ዓመት የሠራሁበትን ቦታ ልለቅ ነው። ሌላ ሥራ አግኝቼ ውሉን ፈርሜያለሁ። የቸገረኝ ደብዳቤው ነው። ከትናንት ወዲያ ጀምሬ እጽፋለሁ፣ እሰርዛለሁ። አለቃዬ በጣም በድላኛለች። ፈረቃዬን ሳትነግረኝ ትቀያይራለች፣ የዕረፍት ቀኔን በመጨረሻ ሰዓት ትሰርዛለች። ይህን ሳልናገር ብወጣ ያንገበግበኛል። እዚህ አገር ምን ተብሎ እንደሚጻፍም አላውቅም። የጻፋችሁ ካላችሁ እስቲ ምከሩኝ።

መልስ፦
እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። መጀመሪያ አዲሱን ውል መፈረምሽ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ሰው በቃል ተስፋ ብቻ ለቆ ይወጣና መሐል ላይ ይቀራል።

ንዴትሽ ይገባኛል። እኔም የመጀመሪያ ሥራዬን ስለቅ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። ማን ምን እንዳለኝ፣ ስንት ቅዳሜ ያለ ክፍያ እንደቆየሁ፣ አንድም አልቀረኝም። ስልከው ቀለል አለኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ የመኖሪያ ፈቃዴን ለማሳደስ የሥራ ማስረጃ አስፈለገኝና ደወልኩ። አለቃዬ ራሱ ለቆ ሄዷል። ስልኩን ያነሳችው ልጅ አታውቀኝም። ፋይሌን ስትከፍት የኮምፒውተሩ ቁልፍ ድምፅ ይሰማኛል። ከዚያ ዝም አለች። ረጅም ዝምታ። ማስረጃው ተጽፎልኛል፤ ግን የተቀጠርኩበትና የለቀቅኩበት ቀን ብቻ ነው ያለው። ስለ ሥራዬ አንድ መስመር የለም። የበደለኝ ሰው ከሄደ ቆይቷል፣ ደብዳቤዬ ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ ነበር።

ሌላ ብዙዎቻችን ላይ የማየው ስህተት አለ። ደብዳቤውን በአማርኛ እናስበውና «ከሥራዬ እንድለቅ ይፈቀድልኝ ዘንድ በትህትና አመለክታለሁ» ብለን እንተረጉመዋለን። ይህ ማመልከቻ ነው። ማመልከቻ ደግሞ መልስ ይጠብቃል። አንድ ዘመዴ እንዲህ ጽፎ «እናስብበታለን» ተባለ፣ ሦስት ሳምንት ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ያ ጊዜ ይቆጠርለት አይቆጠርለት የሚነግረው ጠፋ። አንቺ ፈቃድ አትጠይቂም። ታሳውቂያለሽ። ይህን ያህል ይበቃል፦

«ከያዝኩት የሥራ መደብ በገዛ ፈቃዴ የምለቅ መሆኔን በዚህ ደብዳቤ አሳውቃለሁ። የመጨረሻ የሥራ ቀኔ ይህ ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ በእጄ ያለውን ሥራ በአግባቡ አስረክባለሁ። እዚህ በቆየሁባቸው ዓመታት ስላገኘሁት ልምድ አመሰግናለሁ።»

ቀኑን በግልጽ አስቀምጪ፣ ከላይ የጻፍሽበትን፣ ከውስጥ የመጨረሻውን። ስምሽ በውሉ ላይ እንዳለው ይሁን። ምክንያት አትጻፊ፣ ወዴት እንደምትሄጂም አትጻፊ። ምስጋናው ከአንገት በላይ ከሆነብሽ ደግሞ እውነት የሆነውን ፈልጊ። የለመድሽው ሙያ አለ፣ አብረውሽ ሌሊቱን ያነጉ ልጆች አሉ። ለእነሱ አመስግኚ።

የት አገር እንዳለሽ አልጻፍሽም፤ ይህ ደግሞ ወሳኝ ነው። እንግሊዝ ከሆንሽ፣ አንድ ወርና ከዚያ በላይ የሠራ ሰው በሕግ ቢያንስ የአንድ ሳምንት ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ውሉ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ይጠይቃል። አሜሪካ ማስጠንቀቂያ ስጪ የሚል የፌዴራል ሕግ የለም፣ ሁለት ሳምንቱ ልማድ ነው። ጀርመን ከሙከራ ጊዜ በኋላ አራት ሳምንት ነው፣ ያውም በወሩ 15ኛ ቀን ወይም በወሩ መጨረሻ ላይ የሚያልቅ። እዚያ በኢሜይል የተላከ መልቀቂያ በሕግ አይጸናም፤ ወረቀት ላይ በእጅ መፈረም አለበት።

ቪዛሽ ከሥራው ጋር የተያያዘ ከሆነ ከደብዳቤው በፊት ጠበቃ አነጋግሪ። ለምሳሌ አሜሪካ ኤች-ዋን-ቢ በሚባለው የሥራ ቪዛ ያለ ሰው ሥራው ካበቃ በኋላ ያለው ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው። አዲሱ ቀጣሪሽ ወረቀቱን ሳይጨርስ አትቸኩዪ።

ሌላ መልስ፦
ከላይ የተጻፈው ጥሩ ምክር ነው። በአንዱ ግን አልስማማም። «ምክንያት አትጻፊ» የሚለው ለሁሉም አይሠራም። የተበደለ ሰው ለመልቀቅ ተገድጃለሁ ብሎ ሊከስ ካሰበ፣ በገዛ ፈቃዴ ለቀቅኩ ብሎ መፈረሙ በኋላ ይጎዳዋል። እንግሊዝ ያላችሁ አካስ የሚባለው ተቋም በስልክ በነፃ ያማክራል። ሌላ አገር የሠራተኛ ማኅበር ወይም ጠበቃ ጠይቁ። ግን ደብዳቤው ከመግባቱ በፊት ነው። ከገባ በኋላ መመለስ ከባድ ነው።

መክሰስ ካልፈለግሽ በደሉን ዝም በይ አልልሽም። የፈረቃውን ለውጥ በየቀኑ ዘርዝረሽ ለሰው ኃይል ክፍሉ ለብቻው ጻፊ። «ጎዳችኝ» ከማለት «በዚህ ቀን የጸደቀ ዕረፍቴ አንድ ቀን ሲቀረው ተሰረዘ» ማለት ይበልጣል። ከአንቺ በኋላ የምትገባውን ልጅ የሚጠቅማት እሱ ነው።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለቱንም ደጋግሜ አነበብኩ። ያለሁት ጀርመን ነው። ማታ በኢሜይል ልልክ ነበር! አሁን አትሜዋለሁ፣ አራት መስመር ሆነ። የዕረፍት ቀኖቹን ከስልኬ መልእክት እየለቀምኩ ለብቻ እየጻፍኩ ነው፣ እስካሁን ስድስት አግኝቻለሁ። ኦክቶበር 10 በእጄ ብሰጥ አራት ሳምንቱ ኖቬምበር 7 ይሞላል። ታዲያ የመጨረሻ ቀኔ ኖቬምበር 15 ነው ማለት ነው?

መልስ፦
አዎ፣ ውልሽ ወይም የኅብረት ስምምነቱ ረዘም ያለ ጊዜ ካላስቀመጠ። ገልጠሽ እይው። ሁለት ቅጂ ይዘሽ ሂጂና ባንቺ ቅጂ ላይ የተቀበሉበትን ቀን ጽፈው ይፈርሙልሽ። ጀርመን ከሆንሽ ደግሞ አንድ መስመር ጨምሪ፦ አርባይትስጾይግኒስ የሚሉትን የሥራ ምስክር ወረቀት ጠይቂ። ቀን ብቻ ያለበትን ሳይሆን ሥራሽንና ጠባይሽን የሚዘረዝረውን በይ። መብትሽ ነው።