የጦር መሣሪያ ስሞችን እንዴት እንጥራ? ከውጅግራ እስከ ሄክለር ኡንት ኮኽ

ቃል ፈላጊ

ጤና ይስጥልኝ። በድምፅ ለሚቀረጽ የጦር ታሪክ ሥራ የአጠራር ዝርዝር እየተዘጋጀ ነው። ረቂቁ ውስጥ አንዱ መሣሪያ ሦስት ስም ይዞ ይመጣል። «ኤኬ ፎርቲ ሰቨን»፣ «አካ 47» እና «ክላሽ» በአንድ ምዕራፍ ተገናኝተዋል። የጀርመኑን መሣሪያ ሠሪ ኩባንያ አንዱ ገጽ «ሄክለር ኤንድ ኮክ» ሲል ቀጣዩ «ሄክለርና ኮች» ይላል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ «ዲ ኤስ ኤች ኬ» እና «ዲሽቃ» ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች ተደርገው መቆጠራቸው ነው። የሠሪው አገር እንደሚጠራው እንበል ወይስ ሰው እንደለመደው?

ባለ ፊደሉ

እንደ ስሙ ነው። አማርኛ ውስጥ ገብቶ ቅጥያ የተቀጠለለት፣ ቅጽል የተሰጠው ስም የአማርኛ ቃል ሆኗልና አይነካ። «ክላሹ»፣ «ክላሾች»፣ «ታጣፊ ክላሽ» ይባላል፤ «ኤኬዎች» ሲባል ግን ብዙም አይሰማም። በትረካው «ክላሽ» ወይም «ክላሽንኮቭ» ይባል፤ ምኅጻሩ የሚያስፈልገው ሞዴሉን መለየት ሲያስፈልግ ብቻ ነው።

ያኔም ቢሆን «ኤኬ» ስህተት አይደለም። ሩሲያኛ ሁለቱን ፊደሎች «አ» እና «ካ» ብሎ ይጠራቸዋል፤ የመጀመሪያው የ«አቭቶማት»፣ ሁለተኛው የካላሽኒኮቭ ነው። «ኤኬ» በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ የመጣ ንባብ ነው፤ ሰዉም ለምዶታል። ይልቅ ጥንቃቄው ከኋላ በሚመጡት ፊደሎች ላይ ይሁን፤ ትርጉም ይዘዋልና። ኤኬኤም ላይ ያለው «ኤም» የተሻሻለ ማለት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1959 አገልግሎት ላይ የዋለው ሞዴል ነው። ኤኬኤስ ላይ ያለው «ኤስ» ደግሞ «ስክላድኖይ» ማለትም ታጣፊ ነው። ኤኬ 74 ግን ጥይቱም ይለያል፤ የ47ቱ ጥይት 7.62 በ39 ሲሆን የ74ቱ 5.45 በ39 ነው። ስለዚህ ጥይት በሚነሳበት ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁሉንም «ክላሽ» ብሎ ማለፍ አንባቢን ያሳስታል።

ወደ ዲሽቃ ስመጣ፣ «ዲ ኤስ ኤች ኬ» የሚለው ንባብ ከሥሩ የተበላሸ ነው። በሩሲያኛ ሦስት ፊደል ብቻ ነው፦ ዴ የዴግትያሪዮቭ፣ ሻ የሽፓጊን፣ ካ «ክሩፕኖካሊበርኒ» ማለትም ባለ ትልቅ ካሊበር (የአፈሙዝ ስፋት)። «ሻ» በሩሲያኛ አንድ ፊደል ነው። የላቲን ፊደል ለዚህ ድምፅ አንድ ምልክት ስለሌለው ሁለት ተጠቀመ፤ እንግሊዝኛ አንባቢ ሁለቱን ለየብቻ ቆጠራቸው፤ የእኛ ጸሐፊ ደግሞ ያንኑ ገለበጠ። እኛ ግን ሽ አለን! ሦስቱን ፊደል አራት የሚያደርግ ምክንያት የለንም። የሩሲያ ወታደሮች ራሳቸው በሦስቱ ፊደሎች መሐል አናባቢ አስገብተው «ዱሽካ» አሉት፤ በቋንቋቸው የቁልምጫ ቃል ነው። ዲሽቃም ሦስቱን ተነባቢዎች በቅደም ተከተላቸው ይዟል፤ እንዳለ ይቀመጥ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የታወቀው ፔፔሻም እንዲሁ ነው። «ፒ ፒ ኤስ ኤች» አይባልም፤ መጨረሻው የሽፓጊን ሽ ነው። ፀረ አውሮፕላኑ ዙ 23 ደግሞ ከነጭራሹ ፊደል አይቆጠርበትም፤ እንደ ቃል «ዙ» ተብሎ ቁጥሩ በአማርኛ «ሃያ ሦስት» ይነበባል።

የሰዋስው ወዳጅ

ባለ ፊደሉ የተናገሩትን የቆዩት ስሞች ያጠናክሩታል። ቀደምቶቹ ስሞቹን ከወረቀት ሳይሆን ከሰው አፍ ስለወሰዱ፣ ዛሬ ፊደል እየቆጠርን ከምናመጣቸው ይልቅ ለምንጩ የቀረቡ ናቸው።

ውጅግራን እንይ። ምንጩ በካፒቴን ባዚል ግራ ስም የተጠራው የ1874 ሞዴል፣ 11 ሚሊ ሜትር የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው። በፈረንሳይኛ ጽሕፈት የመጀመሪያው ቃል በል፣ ሁለተኛው በስ ያልቃል፤ ሲነገር ግን ሁለቱም ይዋጡና «ፉዚ ግራ» ይሆናል። ከጽሑፍ ቢወሰድ ኖሮ «ፉሲል ግራስ» እንል ነበር። «ውጅግራ» ግን ል የለውም፣ ስ የለውም። «ዚ» ወደ «ጅ» የሄደውም በገዛ ሕጋችን ነው፤ «ገዛ» «ገዢ» ሲሆን ዘ እንደሚላላው፣ ዥና ጅም «ዥብ»፣ «ጅብ» እንደሚባለው ይለዋወጣሉ።

ሰናድር ስናይደር ነው። የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ በፊት በአሮጌ በሚያዝያ 1868 እ.ኤ.አ. የተዋጋበት፣ ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። አማርኛ በቃል መጀመሪያ ሁለት ተነባቢ ማጣበቅ ስለማይመቸው በ«ስን» መሐል አናባቢ አስገባ። መትረየስ ከፈረንሳይኛው «ሚትራዬዝ» ነው።

ብሬን በፊደል ተቆጥሮ የሚነበብ ምኅጻር አይደለም፤ የመጀመሪያው ንድፍ የመጣባት የቼኳ ብርኖ ከተማና የእንግሊዙ ኤንፊልድ ተቆራርጠው የተጣበቁበት ቃል ነው። ስቴንም እንደዚያው፤ ከሁለቱ ሠሪዎች ከሼፐርድና ከተርፒን መነሻ ፊደሎች፣ ከዚያ ከኤንፊልድ «ኤን»።

በነገራችን ላይ ሽጉጥ ከውጭ አልመጣም። «ሸጎጠ» ካለው ግሥ የወጣ፣ የሚሸጎጥ ማለት ነው። ስለዚህ «ፒስቶል» የሚለውን ከረቂቁ ማውጣት ይቻላል።

ቃል ፈላጊ

ሁለታችሁም እግዜር ይስጥልኝ። ጀርመንኛዎቹስ? ኮክ፣ ኮች፣ ኮህ ተብሎ ሦስት ዓይነት ተጽፏል።

የድምፅ ነገር

ኮኽ። ጉዳዩ በአማርኛ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ይቀላል፤ እንግሊዝኛ ኽ ስለሌለው «ኮክ» ለማለት ተገደደ፤ እኛ ግን ፊደሉም ድምፁም አለን። ሙሉው «ሄክለር ኡንት ኮኽ» ነው። «ኡንት» የጀርመንኛ «እና» ስለሆነ «ሄክለርና ኮኽ» ማለትም ያስኬዳል። «ኤንድ» ግን የሦስተኛ ቋንቋ ቃል ነውና ይቅር።

እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት፣ በ«ኮኽ» መጨረሻ ያለው የጀርመን ጽሕፈት፣ «ሲ ኤች»፣ ሁለት ድምፅ አለው። ከአ፣ ከኦ፣ ከኡ በኋላ ሲመጣ ከጉሮሮ የሚወጣ ኽ ነው። ከኢ ወይም ከኤ በኋላ ሲመጣ ግን ወደ ፊት ይሄድና በህ እና በሽ መካከል ያለ ለስላሳ ድምፅ ይሆናል። የኦስትሪያው ማንሊኸር ሁለተኛው ዓይነት ነው። የድሮ ሰዎች «ምንሽር» ሲሉ ያን ለስላሳ ድምፅ በሽ ያዙት። ስለዚህ በ«ኮኽ» ውስጥ ያለው ኽ እና በ«ምንሽር» ውስጥ ያለው ሽ ምንጫቸው አንድ ጽሕፈት ነው፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

የቀረውን ለአንባቢው እንዲህ ይስጡት። የጀርመን ደብልዩ ቭ ነው፤ «ቲ ኤች» ተራ ት ነው፤ ስለዚህ «ዋልዘር» ሳይሆን «ቫልተር»። ከአናባቢ በፊት ያለ ኤስ ዝ ይሆናል፤ «ማውዘር»፣ «ዛወር»። በቃል መነሻ ከት ወይም ከፕ ጋር ሲመጣ ደግሞ ሽ ነው፤ የኦስትሪያው ኩባንያ «ስቴይር» ሳይሆን «ሽታየር» ነው። ከአናባቢ በፊት ያለ ጂ ግ ነው፤ «ሉጀር» አይባልም፣ «ሉገር» ነው።

ጂ 3 ላይ ግን አልከራከርም። ጀርመኖቹ «ጌ ድራይ» ይላሉ፤ ጌው የ«ገቬር»፣ የጠመንጃ ነው። አማርኛ «ጂ ስሪ» ብሎ ከያዘው ቆይቷል፤ «ጌ ድራይ» ቢባል አድማጩ አያውቀውም።

ጥያቄ አለኝ

ይህ ሁሉ ለምን? አድማጩ የሚያውቀው የሄክለር ኡንት ኮኽን ምኅጻር «ኤች ኬ» ነው። «ሃ ካ» ብንለው ከየት ያገኘዋል?

የድምፅ ነገር

ትክክል ነዎት፣ «ኤች ኬ» ይባል። ነጠላ ፊደሎች በእንግሊዝኛ ስማቸው መጠራታቸው በአማርኛ የጸና ልማድ ነው፤ አርፒጂ፣ ፒኬኤም፣ ኤፍ ኤን ብለን እንጠራለን። የሰው ስም ግን ፊደል አይደለም፤ ባለቤት አለው። ምኅጻሩ በልማድ፣ የሰው ስሙ በባለቤቱ አፍ ይሁን።

ባለ ፊደሉ

በዚያ ላይ ልጨምር፤ ምኅጻሩን በእንግሊዝኛ ፊደል መጥራት ፍቺውንም በእንግሊዝኛ መፈለግ ማለት አይደለም። አርፒጂ ላይ ተርጓሚዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። እንግሊዝኛው «በሮኬት የሚገፋ ቦምብ» ብሎ የፈታው ፊደሎቹ ስለገጠሙለት ነው። የሩሲያኛው ምኅጻር «ሩችኖይ ፕሮቲቮታንኮቪ ግራናታሚዮት» ነው፤ በእጅ የሚያዝ ፀረ ታንክ ቦምብ ተኳሽ። የመጀመሪያው ፍቺ የሚተኮሰውን፣ ሁለተኛው የሚተኩሰውን ነው የሚሰይመው። «አርፒጂውን ተሸክሞ» ሲባል የሚታሰበው ሁለተኛው ነው። ኤ አር 15ም «አሶልት ራይፍል» ተብሎ ይፈታል፤ ፊደሎቹ ግን የአርማላይት ኩባንያ ስም ናቸው።

የሰዋስው ወዳጅ

ፊደል የሚቆጠርባቸውንና እንደ ቃል የሚነበቡትን መለየትም አለ። የቤልጅጉ ጠመንጃ ፋል «ፋል» ነው፤ ኩባንያው ግን በፊደል «ኤፍ ኤን»፤ አብረው ሲመጡ «ኤፍ ኤን ፋል»። መትረየሱ «ማግ» ነው። የስዊሱ «ሲግ»። የፈረንሳዩ «ፋማስ» ከመጨረሻ ስ ጋር ይነበባል፤ ከላይ ስለ ግራ የተባለው እዚህ አይሠራም፣ ምክንያቱም ይኼኛው ስ የሴንት ኤትየን መነሻ እንጂ የሚዋጥ መድረሻ አይደለም። የቼኩ ሲ ዜድ በአገሩ «ቼ ዜት» ነው፤ ለእኛ «ሲ ዜድ» ይበቃል።

ጣሊያንኛው ላይ ለአማርኛ ተናጋሪ ደስ የሚል ነገር አለ። የ«ቤረታ» ት ይጠብቃል፤ የ«ቤኔሊ» ልም ይጠብቃል። እንግሊዝኛ ማጥበቅ ስለማያውቅ ያላላቸዋል፤ ለእኛ ግን ማጥበቅ የዕለት ነገር ነው፤ «በረታ» የሚለው ግሥ ውስጥ ያለውን ት እንደምንጠብቀው ማለት ነው። ፊደላችን መጥበቁን ስለማያሳይ በዝርዝሩ ከፊደሉ ራስ ላይ ነጥብ ይደረግ፤ አለበለዚያ አንባቢው «መረጣ» እንደሚለው አላልቶ ይወርደዋል።

ሩሲያኛ ደግሞ አያጠብቅም፣ ድምፅን ከፍ ያደርጋል። ካላሽኒኮቭ «ላ» ላይ፣ ማካሮቭ መካከለኛው «ካ» ላይ፣ ሲሞኖቭ፣ ቶካሬቭና ሞሲን መነሻቸው ላይ፣ ድራጉኖቭ መጨረሻው «ኖ» ላይ ነው የሚነሱት። አማርኛ አንባቢ ይህን ለማምጣት ቢታገል ንባቡ ይሰበራል፤ እኩል አድርጎ ቢያነበው ይሻላል።

ቃል ፈላጊ

የመጨረሻው ቁጥሮቹ ናቸው። «7.62x39» ላይ ያለውን ምልክት አንዱ «ሲባዛ»፣ አንዱ «ኤክስ» ይላል። «30-06»ን ደግሞ «ሠላሳ ሲቀነስ ስድስት» ያለም አለ።

ባለ ፊደሉ

«በ» ይባል፦ «ሰባት ነጥብ ስድሳ ሁለት በሠላሳ ዘጠኝ»። የመጀመሪያው ቁጥር ካሊበሩ፣ ሁለተኛው የቀለሁ ርዝመት ነው፤ ሁለቱም በሚሊ ሜትር። ሁለተኛውን መቁረጥ አይቻልም። 7.62 ብቻ ከተባለ የክላሽ 39፣ የጂ 3 51፣ ወይም የሞሲን፣ የፒኬኤምና የድራጉኖቭ 54 ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ለሌላው አይሆንም። 54 ላይ የምትከተለው «አር» በእንግሊዝኛ ቀለሁ ከግርጌው ወጣ ያለ ጠርዝ እንዳለው የምታመለክት ናት፤ ብዙ ሰው «ሩሲያ» ብሎ ይፈታታል፣ አይደለችም። 12.7ም እንደዚያው ነው፤ የዲሽቃው በ108፣ የአሜሪካኑ ብራውኒንግ በ99። የማካሮቭ 9 በ18ም ከ9 በ19 ፓራቤለም ጋር አይለዋወጥም፤ ሁለቱም «ዘጠኝ» ተብለው ይጠሩ እንጂ የማካሮቩ ጥይት በውፍረትም ይበልጣል።

በአሜሪካኖቹ ላይ ያለው ሰረዝ ግን «በ» አይደለም፤ ዝም ተብሎ ይታለፋል። 30-06 «ሠላሳ ዜሮ ስድስት» ነው፤ 30ው በኢንች የተለካ ካሊበር፣ 06ቱ የ1906 ዓመት ነው። 30-30 ላይ ያለው ሁለተኛው 30 ዓመት አይደለም፤ በግሬን (በትንሽ የክብደት መለኪያ) የተለካ የባሩድ መጠን ነው። 45-70 ላይ ያለው 70ም የባሩድ መጠን ነው። መልካቸው አንድ፣ ፍቺያቸው ሁለት ነውና ተርጓሚው የግርጌ ማስታወሻ ከጻፈ ይጠንቀቅ።

የአደን ጠመንጃ ጌጅ ደግሞ በተቃራኒው ይሄዳል። 12 ጌጅ ማለት የአፈሙዙን ስፋት የሚያክሉ 12 የእርሳስ ኳሶች አንድ ፓውንድ ይመዝናሉ ማለት ነው። ስለዚህ 20 ጌጅ ከ12 ይጠብባል። 410 ብቻ ከዚህ ውጭ ነው፤ በኢንች የተለካ ስለሆነ «ነጥብ አራት መቶ አሥር» ተብሎ ይነበባል እንጂ «ጌጅ» አይከተለውም።

ጥያቄ አለኝ

እስራኤላዊው ጠመንጃ «ታቮር» ነው ወይስ «ታቦር»?

የድምፅ ነገር

የተሰየመው በዚያው በምናውቀው በታቦር ተራራ ነው። ዕብራይስጥ ከአናባቢ በኋላ የሚመጣውን ብ ወደ ቭ ስለሚያላላው መሣሪያው «ታቮር» ይባላል። ተራራው በአማርኛ ታቦር እንደሆነ ይቆይ፣ መሣሪያው ታቮር ይባል። «ዑዚ» ደግሞ ምኅጻር አይደለም፤ የንድፍ አውጪው የዑዚኤል ጋል ስም ቁልምጫ ነውና «ዩ ዜድ አይ» ተብሎ በፊደል እንዳይነበብ።