ክረምቱን ታሽጎ የከረመ መሶብ ሻገተብኝ፤ ምን ይሻላል?

የግራውንዷ
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ነው የምንኖረው። ቤቱን ስናስቀባ የሳሎኑን ጌጥ በሙሉ፣ መሶቡን፣ የግድግዳ ስፌቱን፣ ፎቶዎቹን በፌስታል ጠቅልለን በፕላስተር አሽገን አልጋ ሥር ከተትነው፤ ሐምሌና ነሐሴን እዚያው ከረመ። ለእንቁጣጣሽ ስናወጣው መሶቡ ነጭና አረንጓዴ ሻጋታ ለብሷል፣ ሽታው ደግሞ አይጣል ነው። የፎቶዎቹ መስታወት ላይም የፕላስተሩ ሙጫ ቀርቶ አቧራ ይዞ ጠቁሯል። ጎረቤቴ በረኪና አድርጊበት ትላለች። መሶቡ የእናቴ ነው፣ ጣዪው እንዳትሉኝ።

ስፌት ወዳድ
ኧረ በረኪናውን ተዪው! ቀለሙን ይበላዋል። መጀመሪያ ውጭ አውጪው፣ ቤት ውስጥ ካራገፍሽው ብናኙ ሌላ ዕቃ ላይ ነው የሚያርፈው። አፍና አፍንጫሽን ሸፍነሽ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ የስፌቱን መስመር ተከትለሽ ጥረጊው። ከዚያ ከፋርማሲ 70 በመቶ አልኮል ገዝተሽ ጨርቅ ጫፍ ላይ ትንሽ ንኪና የማይታይ ቦታ ላይ ሞክሪ። ጨርቁ ቀለም ከያዘ አቁሚ፣ በብሩሹ ብቻ ጨርሺው። ቆዳ ያለበትን ቦታ አልኮል አታስነኪው። ውሃ ውስጥ መንከር የሚባል ነገር የለም፤ ውስጡ ያለው ስንደዶ አንዴ ውሃ ከጠጣ ቶሎ አይደርቅም፣ ቅርጹም ይጣመማል፣ ሻጋታውም ተመልሶ ይመጣል።

አቤል
ለመስታወቱ ቀላል ነው። ሙጫው ላይ የምግብ ዘይት ቀቢ፣ ትንሽ አቆይተሽ ፈትጊው፣ በሳሙና ጨርሺ። ፎቶውን ከፍሬሙ ሳታወጪ እንዳትጀምሪ ብቻ። ስፌት ላይ ግን ዘይት በፍጹም! እዚያ ላይ ሙጫ ካለ በፀጉር ማድረቂያ ከሩቅ ሞቅ አድርጊውና በጣትሽ እያንከባለልሽ አንሺው።
ደግሞ ቡናማ የሆነው ሁሉ ሻጋታ አይደለም። ቡና በተቆላና ዕጣን በጨሰ ቁጥር ጭሱ ስፌት ላይ ያርፋል፣ በቅባቱ ላይ አቧራ ይይዛል።

የሐረሯ
እኛ ጋ ስፌት ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቀለው፣ ማን ያሽገዋል? አየር ያገኛል፣ ቤቱም ያምራል። ስታደርቂው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አትተዪው፣ ቀለሙ ይደበዝዛል። ጠዋት ትንሽ ፀሐይ፣ ከዚያ ነፋስ ያለበት ጥላ።

የግራውንዷ
እግዜር ይስጥልኝ። ግድግዳ ላይ መስቀሉን ወድጄው ነበር፣ ግን የእኛ ግድግዳ በክረምት ራሱ ያልበዋል። መልሼ በምን ላስቀምጠው?

ስፌት ወዳድ
እንደዚያ ከሆነ ክረምት ሲገባ አውርጂው። በአቡጀዲ ጠቅልለሽ ካርቶን ውስጥ አድርጊና ቁም ሳጥን አናት ላይ፣ ከውጭው ግድግዳ ፈቀቅ አድርገሽ አስቀምጪው። ፌስታል እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ነው የሚያስቀረው፣ ወለል ላይም አይሁን። ከጫማ ጋር የሚመጡት የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ትንሽ ያግዛሉ፣ አንዴ እርጥበት ከጠገቡ ግን ዋጋ የላቸውም። ነሐሴ ላይ ፀሐይ ብልጭ ስትል ካርቶኑን ከፍተሽ አናፍሺው። ሁሉም በደንብ ሳይደርቅ ግን ምንም አትጠቅልዪ።