የአይጠ መጎጥ የቃጠሎ ቁስል ተዘጋ፣ ጠባሳው ግን የለም፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጥናቴ አንድ ቅባት የቃጠሎ ጠባሳ ይቀንስ እንደሆነ ማየት ነው። 12 አይጠ መጎጦችን በማደንዘዣ አስተኝቼ፣ በፈላ ውሃ የጋለ 2 በ2 ሴንቲ ሜትር የናስ ቁራጭ በጀርባቸው ግራና ቀኝ ላይ አሳረፍኩ። በአንዱ ጎን ቅባቱን፣ በሌላው ቫዝሊን ቀባሁ። በ28ኛው ቀን ሁለቱም ወገን ተዘግቶ ነጭ ክር የመሰለ መስመር ብቻ ቀረ። አማካሪዬ «ጠባሳው የታለ?» ሲሉኝ መልስ አጣሁ። በእጄ ያለው በየሦስት ቀኑ ከማስመሪያ ጋር ያነሳሁት ፎቶና የመጨረሻው ቀን የቆዳ ናሙና ነው። ሥራው ከንቱ ሆነ ማለት ነው?

የእንስሳት ሐኪም፦
አይዞሽ እህቴ፣ እጅሽ አላጠፋም፤ ቆዳው ነው። የአይጠ መጎጥን ጀርባ በሁለት ጣት ቆንጥጠሽ ብታነሺው እንደ ሰፊ ሸሚዝ ይመጣልሻል። የራስሽን ግንባር ሞክሪ፤ እንደዚያ አይነሳም። አይጥም ሆነ አይጠ መጎጥ ከቆዳው ሥር ፓኒኩለስ ካርኖሰስ የሚባል ስስ የጡንቻ ንጣፍ አለው፤ ቆዳውም ልል ስለሆነ ቁስሉ ሲድን ዳርና ዳሩ እየተሳበ ይገጥማል። ሰው ላይ ግን ጉድጓዱ በአዲስ ሥጋ ይሞላና የላይኛው ቆዳ ከዳር እየተሳበ ይሸፍነዋል። ጥልቅ ቃጠሎ ሲሆን ይህ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ወፍራሙ ጠባሳም የሚመጣው በአብዛኛው እንዲህ ከዘገየ ቁስል ነው። ያየሽው ክር የተሳበው ቆዳ መጋጠሚያ ነው።

በላብራቶሪ የምሠራ፦
መሳቡን ለመከልከል በቁስሉ ዙሪያ የሲሊኮን ቀለበት አጣብቆ መስፋት የተለመደ ነው። ይህ ግን በቢላ ለተቆረጠ ቁስል የተሠራ ዘዴ ነው፤ ለቃጠሎ መጀመሪያ የሞተውን ቆዳ ማንሳት ይጠይቃል። እንስሶቹንም ለየብቻ አኑሪያቸው። እኔ በመጀመሪያው ሙከራዬ ሁለት ሁለት አድርጌ አሳድሬ፣ ጠዋት ስደርስ ሦስት ቀለበቶች ከነስፌታቸው ጭዱ ውስጥ ወድቀው አገኘሁ። ቀለበቱ የተነቀለበትን ቁስል ከመረጃው አውጪው። ሆኖም ቀለበቱ የቁስሉን አዳዳን ወደ ሰው ያቀርበዋል እንጂ ወፍራም ጠባሳ አያመጣልሽም።

ሌላ አባል፦
ጠባሳ ከፈለግሽ አሳማ ነው፤ ሌላውን ተዪው። ቆዳው እንደ ሰው ከሥሩ ካለው ስብ ጋር የተጣበቀ፣ ፀጉሩም የሳሳ ነው።

የእንስሳት ሐኪም፦
ወንድሜ፣ «አሳማ» ብቻ ብሎ ማለፍ ያሳስታል። የዮርክሻየር ዝርያ ጥልቅ ቁስል ላይም ያን ያህል ወፍራም ጠባሳ አያወጣም። በዚህ የሚታወቀው ቀይ ዱሮክ ነው፤ እሱንም ለወራት መከታተል ያስፈልጋል። በመመረቂያ ጊዜ የሚቻል አይመስለኝም። ለእሷ የሚቀርበው የጥንቸል ጆሮ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ዘዴ ነው። በጆሮው የውስጥ ገጽ ላይ ቆዳው ልም አጥንቱን ከሸፈነው ስስ ሽፋን ጋር ይነሳል። ልም አጥንቱ ራሱ እንደ ወጠር እንጨት ስለሚይዘው ቁስሉ መሳብ አይችልም፤ አንድ ወር ገደማ ሲሆነው ከፍ ያለ ጠባሳ በጣት ይዳሰሳል። ከፍታውም በማይክሮስኮፕ ከአጠገቡ ካለው ጤነኛ ቆዳ ጋር ይለካል። ኬሎይድን፣ ማለትም ከቁስሉ ዳር አልፎ የሚያድገውን ጠባሳ፣ ግን ከእንስሳ አትጠብቂ፤ የሰው ብቻ ነው።

ፓቶሎጂስት፦
እኔ ፎቶዎቹን አትጣይ እላለሁ። በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ሁለት መስመር አስምሪ፦ አንዱ ፀጉር ያለው አሮጌ ቆዳ የሚያልቅበት፣ ሌላው ገና ክፍት የሆነው ቁስል የሚጀምርበት። በመካከላቸው ያለው ሮዝማ፣ አንጸባራቂ፣ ፀጉር አልባው ቦታ አዲስ የበቀለ ቆዳ ነው። ቁስሉ ሲጀምር 4 ካሬ ሴንቲ ሜትር ከነበረና በ21ኛው ቀን የአሮጌው ቆዳ ዳር የከበበው 1.2፣ ክፍቱ 0.3 ቢሆን፣ 2.8ቱ ተስቦ የጠፋ፣ 0.9ኙ በእውነት የበቀለ ነው። ቅባትሽ የሚመዘነው በሁለተኛው ነው። ለመለኪያው ኢሜጅጄ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ይበቃል።

ሁለት ነገር ግን ያሳስበኛል። የቃጠሎው ጥልቀት በናሙና አልተረጋገጠም። በመጀመሪያው ቀን ከሁለት ሦስት እንስሳት ናሙና ቢወሰድ ኖሮ ቃጠሎው ምን ያህል እንደወረደ ይታወቅ ነበር፤ የጋለ ናስ ጠበቅ ወይም ላላ ተደርጎ ሲያዝ ጥልቀቱ ይለያያል። ሁለተኛ፣ 24 ቁስል አለኝ ብለሽ እንዳታሰዪ። እንስሶቹ 12 ናቸው፤ በአንድ ገላ ላይ ያሉ ቁስሎች ደምም ሕመምም ይጋራሉ። ግራና ቀኙን እንደ ጥንድ አወዳድሪ። ቅባቱን ልሰውት ወደ ሌላው ጎን አሻግረውት እንደሆነም ጻፊ።

በላብራቶሪ የምሠራ፦
ስለ ሕመም ማስታገሻ አልጻፍሽም። ማደንዘዣው ሲለቅ ቃጠሎው ያማቸዋል፤ ያመመው እንስሳ አይበላም፣ ይከሳል፣ ቁስሉም ይዘገያል። ምን መድኃኒት፣ በስንት ሰዓት ልዩነት እንደሰጠሽ ካልገለጽሽ ገምጋሚ ይመልስብሻል፤ መመለሱም ተገቢ ነው።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቡፕረኖርፊን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ለሦስት ቀን ሰጥቻለሁ፤ መዝገቡ ስላለኝ አስገባዋለሁ። ትናንት ማታ የአራት እንስሳት ፎቶ ላይ ሁለቱን መስመር አስምሬ ጨረስኩ። ዳሩ በግልጽ ይለያል፤ እስካሁን ግን ሁሉንም እንደ አንድ ቁስል ስለካ ነበር። ከአማካሪዬ ጋር ተነጋግረን ከርዕሱ «ጠባሳ» የሚለውን አውጥተን «የላይኛው ቆዳ መሸፈን» አልነው። የጥልቀቱን ጉድለት በዘዴው ክፍል እንዳለ እጽፈዋለሁ።

ፓቶሎጂስት፦
ጥሩ። የቀሩትን ስታሰምሪ የትኛው ጎን ቅባት እንደተቀባ የማያውቅ ሰው ያስምርልሽ።