የአማርኛ መጻፊያው አልጫን አለኝ፤ "ፋይሉ በሌላ ፕሮግራም ተይዟል" ይላል

ብዕረኛዋ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ የጽሕፈት ሥራ ነው የምሠራው፤ አብዛኛው የፍርድ ቤት አቤቱታ ነው። ኮምፒውተሬ ዊንዶውስ 10 ነው። የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሜ አሮጌ ስለሆነ "ሟች" ብዬ ስመታ "ሙአች" ይልብኛል። የውርስ አቤቱታ ላይ ደግሞ ይቺ ቃል የሌለችበት ገጽ የለም። አዲሱን ቨርዥን ከትናንት ጀምሮ ልጭን እየታገልኩ ነው። ግማሽ ይሄድና፣ ሲስተም 32 በሚባለው የዊንዶውስ የራሱ ፎልደር ውስጥ ያለ አንድ ፋይል በሌላ ፕሮግራም ተይዟል ብሎ ይቆማል። "ሪትራይ" ስለውም ያው ነው። ማታ አጥፍቼ ጠዋት አበራሁት፤ ለውጥ የለም። ዎርድም ብራውዘርም ዘግቻለሁ። እባካችሁ፣ ባለጉዳዮች እየጠበቁኝ ነው።

የመርካቶ ልጅ፦
እህቴ፣ ፋይሉን ራሱን አጥፊው። ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሴኩሪቲ ግቢና ባለቤትነቱን ወደ ራስሽ አዙሪው፤ ከዚያ ዲሊት።

አባ ጥገና፦
ኧረ እንዳታደርጊው! እዚያ ፎልደር ውስጥ ስማቸው የሚመሳሰል ፋይሎች ሞልተዋል። በአንድ ፊደል ተሳስተሽ የዊንዶውስን ብታጠፊ ኮምፒውተሩ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። ደግሞም ሥራ ላይ ያለ ፋይል ባለቤቱ ብትሆኚም አይጠፋልሽም። ያንቺ ችግር የፈቃድ አይደለም፤ ፋይሉን የያዘው አለ።
ማታ ያጠፋሽው በ"ሻት ዳውን" ነው? ከዊንዶውስ 8 ወዲህ "ፋስት ስታርትአፕ" የሚባል ነገር አለ። እሱ ከበራ፣ ሻት ዳውን ስትይው የሲስተሙን ውስጠኛ ክፍል ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል፤ ጠዋት ያንኑ ያነሳልሻል። "ሪስታርት" ግን ሁሉንም እንደ አዲስ ያስጀምረዋል። መጀመሪያ እሱን ሞክሪ።

ብዕረኛዋ፦
አዎ፣ ሻት ዳውን ነበር። አሁን ሪስታርት አደረግሁ፤ ግን ያው መልእክት መጣ።

ፊደል ወዳድ፦
እኔንም አንድ ሙሉ ቀን አስሮኝ ያውቃል። የመጻፊያ ፕሮግራም እንደ ሌላው አይደለም። ፊደል በሚመታበት ቦታ ሁሉ አብሮ ይገባል፦ ዎርድ ውስጥ፣ ብራውዘር ውስጥ፣ ፎልደር የምትከፍቺበት ኤክስፕሎረር ውስጥ እንኳ። ዎርድን ብትዘጊ ኤክስፕሎረር ይዞታል። ሪስታርት ብታደርጊም ዊንዶውስ ሲነሳ አብሮ ይነሳል።
ማን እንደያዘው በዓይንሽ ማየት ከፈለግሽ፣ ማይክሮሶፍት በነፃ የሚሰጠውን "ፕሮሰስ ኤክስፕሎረር" አውርጂ። በ"ራን አዝ አድሚኒስትሬተር" (ሙሉ ፈቃድ ሰጥተሽ) ክፈቺው፤ "ፋይንድ" የሚለው ውስጥ ገብተሽ የፋይሉን ስም ጻፊ። የያዙትን ፕሮግራሞች ይዘረዝርልሻል። ዝርዝሩን አይተሽ ግን ፕሮግራሞቹን እንዳገኘሽ በግድ አትዝጊ፤ ለማወቅ ብቻ ነው።

ብዕረኛዋ፦
አየሁት፤ ስድስት ናቸው! ኤክስፕሎረር አለ፣ የፕሪንተሩ ፕሮግራም አለ፣ ዘጋሁት ያልኩት የመልእክት መላላኪያ ደግሞ ከሰዓቱ አጠገብ ተደብቆ ቁጭ ብሏል።

ፊደል ወዳድ፦
በጣም ጥሩ። አሁን ከሥሩ እንፍታው። ታስክ ማናጀር ክፈቺ፤ "ስታርትአፕ" የሚለው ውስጥ የመጻፊያውን ፕሮግራም "ዲሴብል" አድርጊው። ቀጥሎ ሴቲንግስ፣ ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ፣ ላንጉዌጅ ውስጥ ግቢና አሮጌውን የአማርኛ ኪቦርድ ከዝርዝሩ አስወጪው። እንግሊዝኛው ብቻ ይቅር። ከዚያ ሪስታርት።
ስትመለሺ ዎርድም ሆነ ሌላ ነገር ሳትነኪ መጫኛውን በ"ራን አዝ አድሚኒስትሬተር" አስነሺ። መጨረሻ ላይ ሪስታርት ካለሽ እሺ በይው፤ "በኋላ" አትበይው። አንዳንዱን ፋይል የሚተካው እንደገና ሲነሳ ነው።

አባ ጥገና፦
ትክክል ነው። የመብራት ነገር ስለማይታወቅ ግን ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይሙላ። ዴስክቶፕ ከሆነና ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ከሌለሽ የጀመርሻቸውን ጽሑፎች አስቀድመሽ ፍላሽ ላይ ገልብጪ።

ብዕረኛዋ፦
ፍላሽ ላይ ገልብጬ ጀመርኩ። ኪቦርዱን ሳስወጣ ትንሽ ፈርቼ ነበር፤ አማርኛው የሚጠፋብኝ መስሎኝ። አዲሱ ሲጫን ግን ራሱ ዝርዝሩ ውስጥ ገባ። ሪስታርት ብዬ ዎርድ ከፈትኩና "የሟች ልጆችና ሕጋዊ ወራሾች" ብዬ ጻፍኩ። ቁልጭ ብሎ ወጣ! ፊደል ወዳድ፣ አባ ጥገና፣ እግዜር ይስጥልኝ። የመርካቶ ልጅ፣ አንተም ለመርዳት ብለህ ነውና አመሰግናለሁ።

የመርካቶ ልጅ፦
እንኳን ሆነልሽ። እኔም ተምሬበታለሁ፤ ከላይ የሰጠሁትን ምክር ማንም እንዳይከተል።