ከጨረር በኋላ መንጋጋን መልሶ መሥራት፦ ጨረሩ ምን ያህል ያውካል?

ጥያቄ፦ የ61 ዓመት አባቴ ከአራት ዓመት በፊት ለአፍ ካንሰር በ33 ዙር 66 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ጨረር ወስደዋል። አምና አንድ ጥርሳቸው ከተነቀለ ወዲህ ቁስሉ አልሽር ብሎ፣ ዛሬ ጥፍር የሚያህል ቢጫ አጥንት በድዳቸው በኩል ይታያል። ሐኪሞቹ የሞተውን የመንጋጋ አጥንት አውጥተው ከእግራቸው በሚወሰድ ቀጭን አጥንት ሊተኩት አስበዋል። አራት ዓመት ካለፈ የጨረሩ ጉዳት ቀንሶ ይሆን? ቀዶ ሕክምናው ቢዘገይስ ይሻላል?

መልስ (የፊትና መንጋጋ ቀዶ ሐኪም)፦ እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክላቸው። በጨረር የተነኩ ትንንሽ የደም ሥሮች ለዓመታት እየጠበቡ፣ ሥጋውም እየጠነከረ ስለሚሄድ፣ ጊዜ ማለፉ ጉዳቱን አይቀንሰውም። የእግር አጥንት የሚመረጠው ጨረር ያልነካውን የራሱን ደም ሥር ይዞ ስለሚመጣ ነው፤ ጭንቁ ያለው ያ ደም ሥር ከአንገት ደም ሥሮች ጋር በስፌት በሚገናኝበት ቦታ ነው። እዚያ ሥሮቹ ከጠባሳ ጋር ተጣብቀው ይቆዩናል፣ የውስጥ ሽፋናቸውም በቀላሉ ይላቀቃል፤ ስለዚህ በማይክሮስኮፕ ስንሰፋ መርፌውን ከውስጥ ወደ ውጭ እናወጣለን። በዚያ በኩል የሚሆን ሥር ከጠፋ ወደ ሌላው የአንገት ጎን እንሻገራለን፣ ካልደረሰም ከእግር በተወሰደ ደም መላሽ ሥር እናስረዝማለን። ይህ ሁሉ አስቀድሞ መታቀድ ስላለበት፣ የአንገታቸውም የሁለቱም እግሮቻቸውም ደም ሥር በሲቲ አንጂዮግራፊ (የደም ሥሮችን በሚያሳይ የራጅ ምርመራ) መታየቱን ይጠይቁ። መዘግየቱን በተመለከተ፣ የተመናመነ ሰውነትን ለመመገብ ወይም ሲጋራ ለማስተው ጥቂት ሳምንታት ቢወሰድ እደግፋለሁ፤ ያለ ምክንያት መጠበቅ ግን መንጋጋው እንዲሰበር ዕድል መስጠት ነው።

መልስ (የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ)፦ አንገታቸው ላይ ጨረር የወሰዱ ሰዎች የታይሮይድ ዕጢያቸው (አንገት ላይ ያለ ሆርሞን አመንጪ ዕጢ) ሊዳከም ስለሚችል፣ የቁስል መዳንም በዚህ ሰበብ ሊዘገይ ስለሚችል፣ የታይሮይድ የደም ምርመራ ይደረግላቸው። በተሰፋው ደም ሥር ውስጥ ደም የመታገድ አደጋው የሚያይለው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ስለሆነ፣ ይህን ለማየት በየሰዓቱ ስንቀሰቅሳቸው አይከፉብን፤ ከአጥንቱ ጋር የተተከለው ቆዳ ከጠቆረ ደም መላሹ ሳይታገድ አይቀርም፣ ያን ጊዜ የሚያድነው ፈጥኖ ወደ ቀዶ ክፍል መመለስ ነው።

መልስ (ታካሚ)፦ እኔ ከጨረር በኋላ ተሠርቶልኝ፣ በዘጠነኛው ቀን ትራሴ ርሶ ነቃሁ፤ ምራቅ በአንገቴ ስፌት በኩል እየወጣ ነበር። ከደረቴ ጡንቻ ተወስዶ ከተደፈነልኝ በኋላ ዳነ። ወንድሜ፣ ይህ ሊመጣ እንደሚችል ለአባትህ አስቀድመህ ንገራቸው፤ እኔን ከሕመሙ ይልቅ ያስደነገጠኝ አለማወቄ ነበር።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አባቴ የተነሡት የአንገት ሲቲ ብቻ ነው፤ የእግሩንና የታይሮይዱን ሰኞ እጠይቃለሁ።